ሚዛንና ቴርሞሜትር፦ የቆላ ኤሊን በገፈርሳ ደጋ ስለ ማሳደግ

ታዳጊ ኤሊን በጤናማ ክብደት የማሳደግ ሙያ ብዙውን ጊዜ የምግብ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል፤ ይሁን እንጂ ተፈጥሮዋ ለቆላ የተበጀች ኤሊ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በገፈርሳ ስትኖር፣ በሚዛን ላይ የሚነበበውን ቁጥር በቅድሚያ የሚወስነው ያገኘችው ሙቀት፣ ቀጥሎ በሰውነቷ ያለው ውኃ፣ ከሁሉም በኋላ ደግሞ የበላችው ምግብ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ተዘንግቶ፣ ክብደት አልጨምር ያለችው ኤሊ እንድትወፍር ምግቡ ሲደራረብላት፣ አሳዳጊው በቅን ልቦና የጀመረው እንክብካቤ ራሱ የበሽታ ምክንያት ይሆናል። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰውም በቸልተኞች ሳይሆን በእንዲህ ዓይነቶቹ ቅን አሳዳጊዎች እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢትዮጵያ ቆላማ ምድር ከሚገኙት የየብስ ኤሊዎች መካከል ይበልጥ የምትታወቀው፣ በሳይንሳዊ ስሟ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ የምትባለውና ቢጫማ ጀርባዋ በጥቋቁር ነጠብጣቦች የተዥጎረጎረው ነብርማ ኤሊ ናት። በአዋሽ ሸለቆ፣ በቦረናና በደቡብ ኦሞ የግጦሽ ምድር የምትኖረው ይህች ኤሊ ከእንቁላል ስትወጣ ርዝመቷ ከ5 ሴንቲሜትር፣ ክብደቷም ከ50 ግራም እምብዛም አያልፍም፤ ስታድግ ግን ከ10 ኪሎግራም በላይ ትመዝናለች፣ በአፍሪካ ቀንድ ከሚገኙትም አንዳንዶቹ ከ30 ኪሎግራም የሚያልፉ ሲሆን፣ ዕድሜዋም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሊዘልቅ ይችላል። በእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጠውን ፍጥረት ከቆላ ወደ ደጋ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን የወደፊት ግዝፈቷን አስቦ አያውቅም።

በሕግ ረገድ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ1999 ዓ.ም የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን የሚከለክል ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. የተቀላቀለችው ሳይቲስ የተሰኘው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ ነብርማ ኤሊን ንግዷ ቁጥጥር ከሚደረግበት ከሁለተኛው አባሪ ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። ስለዚህ እዚህ የሚነገረው ኤሊን ከዱር አንስቶ ለማምጣት ሳይሆን፣ በአንድም በሌላም ምክንያት በሰው እጅ ለገባችውና ወደ መጣችበት ወዲያውኑ ልትመለስ ለማትችለው፣ ጉዳይዋም በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ለታወቀላት ኤሊ ነው። ከገፈርሳ አልፎ ወደ ሆለታ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው፣ በቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ የሚተዳደረው የእንስሳ ኮቴ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል፣ ከሕገ ወጥ ይዞታና ከንግድ ለተረፉ እንስሳት መጠጊያ ሆኖ በአካባቢው መኖሩም ሊታወስ ይገባል።

የገፈርሳ አየር ለሰውና ለከብት የተመቸ ነው፤ ለቆላ ኤሊ ግን ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች አሉት። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተጀመረው የውኃ ግድቧ ስሟ የሚታወቀውና ዛሬ ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ያለችው ይህች ደጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀኗ ጠራራ፣ ሌሊቷ ግን ውርጭ የሚጥልበት ይሆናል፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ደግሞ ሌሊቱ ያን ያህል ባይከፋም ፀሐይ በደመናና በዝናብ ተጋርዳ ትሰነብታለች። በበጋ ሌሊቱ፣ በክረምት ቀኑ ይጎድላል ማለት ነው፤ አሳዳጊው ለሁለቱ ወቅቶች አንድ ዓይነት ዝግጅት ካደረገ ከሁለት በአንዱ መሳቱ አይቀርም።

ኤሊ በተለምዶ ደመ ቀዝቃዛ ከሚባሉት፣ ይኸውም የሰውነታቸውን ሙቀት ከውስጥ ከማመንጨት ይልቅ ከአካባቢያቸው ከሚወስዱት እንስሳት ወገን በመሆኗ፣ መራመዷ፣ መብላቷና በተለይም የበላችውን መፍጨቷ የሚመራው በውጭው ሙቀት ነው። ነብርማ ኤሊ ሣር በል እንደመሆኗ ቃጫውን፣ ማለትም በቀላሉ የማይፈጨውን የሣር ክፍል፣ በትልቁ አንጀቷ ውስጥ የሚያብላሉላት ደቂቅ ሕዋሳት አሏት፤ እነዚህም በሚገባ የሚሠሩት ሰውነቷ ሲሞቅ ነው። በመሆኑም በቀን የምትሞቅበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለማረፊያ የምትሸሽበት ጥግ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ የታዳጊዋ ሌሊትም ከ20 ዲግሪ የማያንስ እንዲሆን ይፈለጋል። በአውሮፓና በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያሉ ዘመዶቿ በቅዝቃዜው ወራት ለረጅም ጊዜ የሚተኙ በመሆናቸው፣ ነብርማ ኤሊም ስትቀዘቅዝ «ተኝታለች» የሚል ግምት ይሰማል፤ እርሷ ግን እንዲህ ያለ ረጅም እንቅልፍ ስለሌላት፣ በውርጭ ሌሊት ደንዝዛ የተገኘች ኤሊ ያረፈች ሳትሆን የታመመች ወይም ለመታመም የቀረበች ናት።

የቅዝቃዜ ጉዳት በሚዛን ላይ ቶሎ አለመታየቱ ነገሩን ያከብደዋል። ከሰዓት በኋላ ጠግባ በልታ ሌሊት የቀዘቀዘች ኤሊ የበላችው ሳይፈጭ በሆዷ ስለሚቀር፣ በማግስቱ ስትመዘን ክብደቷ እንዳለ አለ፣ አልፎ አልፎም ጨምሮ ይገኛል፤ በውስጧ ግን ምግቡ እንደ ተረሳ ሊጥ እየቦካ ጋዝ ይፈጥራል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም የምግብ ፍላጎቷ ይጠፋል። ከሙቀት መዝገብ የተነጠለ የክብደት መዝገብ የማይታመነው በዚህ ምክንያት ነው። ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀትን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር በማደሪያዋ ወለል ላይ፣ ኤሊዋ በምትተኛበት ከፍታ ልክ መቀመጥ አለበት፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሚናገረው ስለ ሰዎቹ አየር ብቻ ነው።

ሌላው የገፈርሳ እንግዳ ጠባይ፣ በቆላ ሁልጊዜ አብረው የሚመጡት ብርሃንና ሙቀት እዚህ መለያየታቸው ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የገፈርሳ የበጋ ፀሐይ በጨረር ረገድ ከአዋሽ ፀሐይ አያንስም፤ የሚያንሰው ሙቀቱ ነው። የዚህ ጨረር ክፍል የሆነው አልትራቫዮሌት ቢ በኤሊዋ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚን ዲ ሦስትን እንድትሠራ ያደርጋታል፣ ቫይታሚኑ ደግሞ ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አጥንት እንዲያልፍ ያስችላል፤ ይህ ሲጓደል ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋው ይጎብጣል፣ እግሮቿም ሰውነቷን መሸከም ያቅታቸዋል። ብርዱን የፈራ አሳዳጊ ኤሊዋን በመስኮት መስታወት ጀርባ ሲያሞቃት ሙቀቱን ያገኝላታል፤ መስታወት ግን አልትራቫዮሌት ቢን ስለማያሳልፍ ዋናው ጥቅም ውጭ ይቀራል።

በሰበታ፣ በሱሉልታና በሆለታ ዙሪያ አበባ ከሚመረትባቸው ግሪንሃውሶች የሚወጣው አሮጌ ላስቲክ ለዶሮ ቤትና ለችግኝ መሸፈኛ ስለሚውል፣ ለኤሊ ማደሪያም ጥሩ ሙቀት ማቆያ መስሎ መታየቱ አያስገርምም። ይሁንና ከእነዚህ ላስቲኮች ብዙዎቹ የጽጌረዳ አበባ እንዳይጠቁር ሲባል አልትራቫዮሌትን እንዲያግዱ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ላስቲኩ ከነፋስና ከዝናብ ለመከለል ይጠቅማል፤ ሰማዩ በጠራበት ቀን፣ በተለይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ኤሊዋ ጥላ ወዳለበት ገላጣ ቦታ ወጥታ ጨረሩን ያለ ጋራጅ ማግኘት አለባት። ጥላው ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም፤ በትንሽ ሣጥን ውስጥ መሸሸጊያ አጥታ ለቀትር ፀሐይ የተተወች ታዳጊ ኤሊ፣ አየሩ የደጋ ቢሆንም፣ በሙቀት ብዛት ልትሞት ትችላለች።

ለሌሊቱ ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ከቴርሞስታት፣ ይኸውም ሙቀቱን እየለካ ኃይሉን ከሚያበራና ከሚያጠፋ መሣሪያ ጋር ቢገኝ መልካም ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ማደሪያው በድርቆሽ በተሞላ ድርብ ሣጥን ውስጥ ከተሠራ፣ ሙቅ ውኃ ሞልተው በጨርቅ የጠቀለሏቸው የሃይላንድ ጠርሙሶች ሙቀቱን ለብዙ ሰዓታት ያቆያሉ። ከሰል ግን በምንም ምክንያት ወደ ተዘጋ ክፍል መግባት የለበትም፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ለኤሊዋም ለቤተሰቡም ገዳይ ነው።

ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ሚዛን መነጋገሪያ ሊሆን ይችላል። በግራም የሚለካ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ ትንሽ ኩባያ ተደፍቶ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ኤሊዋ በሆድ ቅርፊቷ መካከል ኩባያው ላይ ስትደረግ አራቱም እግሮቿ አየር ላይ ስለሚቀሩ መሄጃ ታጣለች፣ ጥቂት ከቀዘፈችም በኋላ እግሮቿንና አንገቷን ስትሰበስብ ቁጥሩ ይረጋል፤ የሚጻፈውም ያ ነው። እንዳትወድቅ የሌላው እጅ መዳፍ ሳይነካት ከአጠገቧ ይጠብቃል። የምትመዘነው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከመብላቷና ውኃ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። በየቀኑ መመዘን ለአሳዳጊው ጭንቀት ካልሆነ ለኤሊዋ የሚፈይደው የለም፤ የአንድ ቀን ልዩነት በአብዛኛው የሽንትና የሰገራ ልዩነት ነውና።

ክብደት ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ስለሆነ ከርዝመት ጋር መነበብ አለበት። ርዝመት ሲባል የጀርባዋን ጉብታ ተከትሎ በሜትር የሚለካው ሳይሆን፣ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ በቀጥታ መስመር በካሊፐር፣ እርሱ ከሌለም ቀጥ ብለው በቆሙ ሁለት ጣውላዎች መካከል በማስመሪያ የሚለካው ነው። አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ 5 ሴንቲሜትር ሆና 35 ግራም የመዘነች ኤሊ 10 ሴንቲሜትር ስትደርስ ወደ 280 ግራም ብትጠጋ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ይልቁንስ በዚያ ርዝመት 100 ግራም ብቻ ብትሆን፣ «ከነበረችበት በሦስት እጥፍ አድጋለች» ተብሎ ደስ ሊባልበት ሳይሆን ባዶነቷ ሊመረመር ይገባል። በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሐኪም የነበረው ኦሊፋንት ጃክሰን ክብደትንና ርዝመትን በሰንጠረዥ አዛምዶ የሠራው መለኪያ በዓለም ዙሪያ ቢሰራጭም፣ የተሠራው ለሜዲትራኒያን ኤሊዎች ስለሆነ ጀርባዋ ከእነርሱ ይበልጥ ጉልላት ለሆነው ነብርማ ኤሊ አያገለግልም። ለእርሷ የሚሻለው መለኪያ የራሷ ያለፉት ወራት መዝገብ ነው፤ ክብደትና ርዝመት አብረው በዝግታ የሚወጡ ከሆነ ደህና ነች፣ ርዝመቱ ቆሞ ክብደቱ ብቻ ሲወጣ ግን ስብ፣ የተቋጠረ ፈሳሽ፣ በፊኛ ውስጥ ያለ ጠጠር ወይም ያልወጣ ሰገራ ይጠረጠራል።

በውኃ ረገድ ኤሊ ከብዙ እንስሳት ትለያለች፤ ለድርቅ ጊዜ የሚሆን ውኃ በፊኛዋ ስለምታጠራቅም፣ የውኃ መኖርና አለመኖር ብቻውን ክብደቷን በጉልህ ያወጣዋል ያወርደዋል። ታዳጊዋን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ፣ የውኃው ልክ የጀርባና የሆድ ቅርፊቶቿ ከሚጋጠሙበት ሳያልፍ፣ በሳፋ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። አንገቷን አስረዝማ ስትጠጣ ጉሮሮዋ ሲርገበገብ ይታያል፤ ወዲያው ሽንቷ ሲወጣ ዩሬት የሚባለው ነጭ ዝቃጭ አብሮ ይወጣል፣ ይህም ዝቃጭ እንደ ቀጭን እርጎ ከፈሰሰ ውኃዋ በቂ ነው፣ በጣት ሲታሽ እንደ አሸዋ ከሻከረ ግን ውኃ ጎድሏታል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በደንብ ተደርቃ ወደ ሞቀ ቦታ መመለስ አለባት፤ እርጥብና ብርድ ሲገናኙ የሳንባ ምች ይከተላል፣ በአፍንጫ ቀዳዳዎቿ የሚታዩት የአረፋ ነጠብጣቦችም የዚያ ምልክት ናቸው። ሳፋው ለሌላ አገልግሎት አይውልም፤ ኤሊዎች ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊሸከሙ ስለሚችሉ፣ የነካቻቸው ልጆች ሁሉ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ።

ስለ ዕድገት ፍጥነት ሲነሳ፣ ብዙ የተጻፈበት ጉዳት የጀርባ ቅርፊት መቆለል ነው፤ ይኸውም ጀርባዋን የሸፈኑት ቀንዳማ ሰሌዳዎች እያንዳንዳቸው ወደ ላይ እየሾጠጡ ለስላሳው ጉልላት ተራራማ ሲሆን ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ በፕሮቲን ብዛት ሲላከክ ቢቆይም፣ ቪስነርና ኢበን የተባሉ የቪየና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ባለው የሰሐራ ጠርዝ በምትኖረው በሱልካታ ኤሊ ግልገሎች ላይ የፕሮቲኑንም የአየሩንም እርጥበት መጠን እየለያዩ ሞክረው፣ መቆለሉን ይበልጥ ያባባሰው የአየሩ ድርቀት እንደሆነ፣ የፕሮቲኑ ድርሻ ግን አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ለገፈርሳ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በበጋው ደረቅ ነፋስ ላይ የማሞቂያው ድርቀት ሲጨመር በማደሪያዋ አየር ውስጥ እርጥበት አይቀርምና፣ ቢያንስ የምትሸሸግበት ጓዳ ሙቀቱ ሳይጓደል በረጠበ አፈር ወይም ሣር መጎዝጎዝ አለበት። በሞቀ ጓዳ ውስጥ ያለ እርጥበት መድኃኒት ነው፤ በቀዘቀዘው ውስጥ ያለው ደግሞ መርዝ። ፕሮቲኑም ቢሆን ነጻ ተለቀቀ ማለት አይደለም፤ የውሻ ምግብ፣ ሥጋና እንቁላል የሚበሉ ኤሊዎች በፍጥነት ሲያድጉ ኩላሊታቸውና ጉበታቸው ዕዳውን ይከፍላሉ።

በምግቡ ላይ ደጋው ካሣውን ይሰጣል። ነብርማ ኤሊ በተፈጥሮዋ በዋናነት ሣር በል ስለሆነች፣ የአጥር ሥር ሰርዶ፣ ጎርጤብ፣ ጥቂት ማገጥ፣ እሾኹ በእሳት ተለብልቦ የተከተፈ የበለስ ቁልቋልና ዝናብ ባቆመ ጊዜ የሱሉልታ ድርቆሽ ለታዳጊዋ መንጋጋ በሚሆን መጠን ተቆርጦ ከቀረቡላት፣ በገበያ ከሚገዛው አትክልት አብዛኛው አያስፈልጋትም። ሰላጣና ቲማቲም ውኃ ብቻ ናቸው፤ ቆስጣ በውስጡ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየምን ስለሚያስር፣ ጎመንም በብዛት ሲዘወተር የእንቅርት ዕጢን ሥራ ስለሚያውክ፣ ሁለቱም አልፎ አልፎ ካልሆነ አይመረጡም። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሙዝና ወተት ፈጽሞ አይሰጧትም፤ ኤሊ ወተት ስትቀምስ ማየት የሚያስደስተው ባለቤቷን እንጂ አንጀቷን አይደለም። የበለሱን ቁልቋል ሲቆርጡ በደጋው አጥር ላይ ከሚቆመው ነጭ ወተታም ቁልቋል ጋር እንዳይቀላቀል መጠንቀቅ፣ ቅንጭብን፣ ጉሎን፣ እንዶድንና አስተናግርንም ከግጦሿ ማራቅ ግዴታ ነው።

ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ቢያንስ እጥፍ እንዲሆን ስለሚፈለግ፣ ተቀቅሎ የደረቀ የእንቁላል ቅርፊት በሙቀጫ እንደ ዱቄት ልሞ ይነሰነስላታል፤ ለዶሮ መኖ የሚሸጠው የኖራ ድንጋይ ዱቄትም ያገለግላል። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አፍና ጉሮሮን የሚያቃጥል በመሆኑ ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይተካ ዱቄቱ ከመኖ ሻጭ እንጂ ከግንባታ ዕቃ መደብር አይገዛም። በመጠን ረገድ ሣሩ አይሰፈርላትም፤ ስትፈልግ ትጋጠው። የሚሰፈረው ከሣር ውጭ ያለው ነው፣ በቀዘቀዘና በደመነ ቀን ደግሞ ማሞቂያው ካልሠራ እርሱም ይቀራል፤ ባልሞቀ ሆድ ላይ ምግብ አለመጨመር ለዚህ አገር አሳዳጊ ከማንኛውም የምግብ ዝርዝር ይበልጣል።

ሙቀቱ፣ ውኃውና ሣሩ ተስተካክለውም ለተከታታይ ሳምንታት ክብደቷ የሚወርድ ኤሊ የውስጥ ጥገኛ ትላትል ሊኖራት ይችላል፤ ከዱር የመጣች ከሆነች ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል። እዚህ ላይ በከብት መድኃኒት ቤቶች ሁሉ በቀላሉ የሚገኘው፣ ለበግና ለላም የተለመደው አይቨርሜክቲን ለኤሊ ገዳይ መርዝ እንደሆነ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ በላም ላይ ያለው መልካም ስሙ ብዙዎችን ያሳስታል። በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው ፌንቤንዳዞል የተሻለ ደኅንነት ቢኖረውም፣ እርሱም ያለ ምርመራ አይጀመርም። በዚህ ዙሪያ የሚኖሩ አሳዳጊዎች ዕድለኞች የሚሆኑት፣ የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት መቀመጫው እዚያው ሰበታ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ቢሾፍቱ በመሆናቸው ነው፤ ሁለቱም በአብዛኛው የከብት፣ የበግና የዶሮ በሽታ ላይ ቢሠሩም፣ በአጉሊ መነጽር ሥር የትል እንቁላል መለየት የሚያውቅ ሙያተኛ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ጎረቤት አይገኝም። ወደ ሐኪም የሚወሰደው የዚያኑ ዕለት የወጣ፣ በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ፀሐይ ያልመታው ሰገራ ሲሆን፣ መድኃኒቱ የሚለካው ቅርፊቷ ጭምር በተቆጠረበት አጠቃላይ ክብደቷ ልክ፣ በኪሎግራም ሚሊግራም ተሰልቶ ስለሆነ፣ ከሰገራው ጋር የክብደቱና የሌሊቱ ሙቀት መዝገብ አብሮ ይቀርባል።